ኪዮቶ የድሮ የእንጨት ቤት ተከራይተናል፤ እማማ መሬት ላይ መተኛት ይችሉ ይሆን?

የሲልቨር ስፕሪንጓ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጃፓን የኖረ ወይም ሄዶ ያየ ካለ ምክር ፈልጌ ነው።

ከማርች 24 እስከ 29 አምስት ሌሊት ኪዮቶ እናድራለን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ሴት ልጃችን፣ የ4 ዓመት ወንዱና አማቴ ነን። አማቴን ቤት ውስጥ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። 71 ዓመታቸው ነው፤ ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

ሆቴሎቹ ለአምስት ሰው ሁለት ክፍል ውሰዱ ሲሉን፣ ባለቤቴ ማቺያ የሚባል የድሮ የከተማ ቤት አገኘ። ኒሺጂን የሚባል ሰፈር ነው፤ ቤቱ በሙሉ ለእኛ ብቻ፣ በሌሊት 60 ሺህ የን። ፎቶው ሲታይ ልብ ይሰርቃል። መሃል ላይ መሶብ የምታክል የአትክልት ቦታ አለችው፤ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ዛፍ፣ ትንሽ የድንጋይ ሽበት። ወዲያው ከፈልን።

ከዚያ የቤቱ ደንብ መጣ። አራት ገጽ! አልጋ የለም፤ ሁሉም ሰው ፉቶን የሚባል ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ ነው የሚተኛው። መኝታው ፎቅ ላይ ነው። የደረጃውን ፎቶ ሳየው ደነገጥኩ፤ መሰላል በሉት። ከማታው 9 ሰዓት በኋላ (በፈረንጅ) ድምፅ ክልክል። ሻማ፣ እጣንና ከሰል ክልክል። የወረቀት በር ከተቀደደ ይከፈላል። የእኔ ልጅ ደግሞ ወረቀት ሲያይ ጣቱን የሚያሳክከው ዓይነት ነው።

በዚያ ላይ ጊዜው ሁዳዴ ነው። እማማ በጾም ዓሣ አይቀምሱም። ቡና ሳያፈሉ ደግሞ ቀኑ አይጀምርላቸውም፤ ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልለው ከአሁኑ ሻንጣ ውስጥ ከተዋታል። እስቲ ምን ይሻለኛል?

ሰነፉ ተጓዥ

እህቴ ሰርዢውና ሆቴል ግቢ። አልጋ፣ ሊፍት፣ ቁርስ። እኔ አንድ ሌሊት መሬት ተኝቼ ሦስት ቀን ወገቤን ይዤ ዞሬያለሁ። ያውም 34 ዓመቴ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

አሁን ብሰርዝ ግማሹ ገንዘብ ይቀራል። እማማም ፎቶውን አይተው ወደውታል።

ተማሪው ከኦሳካ

ጃፓን ስድስት ዓመቴ ነው፤ ኪዮቶ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ረጋ በሉ፤ ይቻላል።

መጀመሪያ ቤቱን ልግለጽልሽ፤ ቤቱን ከተረዳሽው አብዛኛው ደንብ ይገባሻል። ማቺያ የነጋዴና የእጅ ባለሙያ ቤት ነው። ከፊት ጠባብ ሆኖ ወደ ውስጥ ይረዝማል፤ ራሳቸው «የኢል መኝታ» ይሉታል። ኢል እባብ የመሰለ ቀጭን ረጅም ዓሣ ነው። የድሮው ሰው ከፊት ይሸጥና ይሠራ ነበር፤ ከኋላ ይኖራል። ያቺ መሶብ የምታክል አትክልት ለጌጥ ብቻ የተተከለች አይደለችም። ቤቱ በግራና በቀኝ ከጎረቤት ጋር ስለተጣበቀ ብርሃንና አየር የሚገባው በእሷ ነው። ኒሺጂን ደግሞ የሸማኔዎች ሰፈር ነው፤ የኪዮቶ ሽሮ ሜዳ በዪው። የሸማኔ ቤት ከሆነ ከኋላ በኩል ጣራው ከፍ ያለ ክፍል ታገኛለሽ፤ የሽመና ዕቃው ይቆምበት ነበር።

ዋናው ነገር የሚከተለው ነው። በታታሚ (ወለሉን የሚሸፍን ወፍራም የሳር ምንጣፍ) ቤት «መኝታ ክፍል» የሚባል ቋሚ ነገር የለም። ፉቶኑ ቀን ቀን ታጥፎ ግድግዳ ውስጥ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ማታ የፈለግሽው ታታሚ ክፍል ላይ ይነጠፋል። ፎቅ ላይ ተኙ ያለሽ ፎቶው ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ስለዚህ ዛሬውኑ ለአከራዩ ጻፊለት፦ «አንዲት አረጋዊት አሉ፤ ምድር ቤት ታታሚ ክፍል አለ? ሁለት ፉቶን ተደራርቦ ይዘጋጅልን። አጭር ወንበር አለ?» ሽንት ቤቱ ምድር ይሁን ፎቅ መጠየቅም አትርሺ። አብዛኛውን ጊዜ ምድር ነው፤ እማማ ሌሊት በዚያ ደረጃ መውረድ የለባቸውም።

አንድ ነገር ግን አትቀልዱበት፤ ጠዋት ጠዋት ፉቶኑን አንሱት። የሰው ላብና እርጥበት ከሥር ይጠራቀማል። ለቀናት ተነጥፎ ከቀረ ታታሚው ይሻግታል፤ ያኔ የምትከፍይው ለወረቀት በር ከምትከፍይው ይብሳል።

ፊዚዮዋ (ቶሮንቶ)

ስለ ጉልበቱ እኔ ልግባ፤ ሥራዬ ነው።

መሬት ላይ መተኛት በራሱ ጉልበት አይጎዳም። ችግሩ መውረዱና መነሳቱ ነው። ሁለት ፉቶን መደራረብ ጥሩ ነው፤ ግን ከመሬት የሚያነሳው ጥቂት ስለሆነ እሱ ብቻ አይበቃም። ከራስጌው አጠገብ የማይንሸራተት ጠንካራ ወንበር ይኑር። ሲነሱ መጀመሪያ በጎን ይገልበጡ፤ ከዚያ በእጅና በጉልበት ይሁኑ። ከቀኝ ጉልበት ሥር ትራስ ይግባ። ደህናውን ግራ እግር ወደፊት አውጥተው ይርገጡና ሁለት እጃቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው ይነሱ።

እባክሽ መጀመሪያ የሚሞክሩት ኪዮቶ አይሁን። ዛሬ ማታ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ፍራሽ አንጥፊና አብረሽ አስለምጃቸው። አራት አምስት ቀን ከሞከሩት በኋላም አቅቷቸው ካየሽ፣ ግማሽ ገንዘብ ማጣቱ ይሻላል። ሰነፉ ተጓዥም እውነት አለው ማለት ነው።

ደረጃ ግድ ከሆነ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ የታመመው። ካልሲ አድርገው ግን በፍጹም! የድሮ እንጨት በካልሲ እንደ ሳሙና ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ፊዚዮዬ ተባረኪ። ትናንት ማታ ሞከርን። የመጀመሪያው ጊዜ ሁለታችንም ወደቅን፣ ሳቅን። ሦስተኛው ላይ ብቻቸውን ተነሱ። «ድሮ መደብ ላይ ስንተኛ ማን ያነሳን ነበር?» አሉኝ።

አከራዩም መለሰ። ምድር ቤት ስድስት ታታሚ የሚያህል ክፍል አለ፤ ሽንት ቤትም እዚያው። ስድስት ታታሚ ስንት ነው?

ተማሪው ከኦሳካ

አንድ ታታሚ በግምት 90 በ180 ሴንቲሜትር ነው፤ የኪዮቶው ትንሽ ይበልጣል። ስድስቱ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለእማማና ለትልቋ ልጅ በቂ ነው፤ ሌሊት አብራቸው ሰው ቢኖር ጥሩ ነው።

ሦስት ልጆች ያሳደገች

እኛ ከልጆች ጋር እንደዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ አራት ሌሊት አድረናል። ሾጂ የሚሉት የወረቀት በር ሁለተኛው ቀን ላይ ተበሳ። «ጧ» አለና ዝም። ልጄ ጣቱን እንኳ አላወጣም፤ እዚያው ሰክቶ ያየኛል።

እህቴ፣ ብትበሳው በፕላስተር እንዳትለጥፊ! እኔ ለጠፍኩና ሲነሳ እንጨቱን ቀባው። ፎቶ አንስተሽ ለአከራዩ ላኪ፣ ይቅርታ ጠይቂ፣ በቃ። ወረቀት ነው፤ ይቀየራል። ወፍራሙና ሥዕል ያለበት ፉሱማ የሚሉት ተንሸራታች በር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ውድ ነው። ለትንሹ ልጅ ገና ስትገቡ ሁለቱን በር አሳዪው፤ «ይኼ ይተኛል፣ አይነካም» በዪው። እኛ ዝቅተኛውን ረድፍ በሻንጣ ከለልነው።

ሻንጣ ስል ደግሞ፣ ክፍሉ ውስጥ ከፍ ብላ ሥዕል ወይም አበባ የተቀመጠባት ጥግ አለች። ዕቃ ማስቀመጫ ትመስላለች። አይደለችም! የክብር ቦታ ናት። ሻንጣም ልጅም እዚያ አይወጣም። የሻንጣ ጎማም ታታሚ ላይ አይነዳ፤ ተሸክማችሁ።

ጫማ በር ላይ ይቀራል፤ ይኼ ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ነጠላ ጫማው ነው። ኮሪደር ላይ አንዱን ታደርጊያለሽ፤ ታታሚ ጋ ስትደርሺ ታወልቂያለሽ። ሽንት ቤት ለብቻው ሌላ አለው። ባሌ የሽንት ቤቱን አድርጎ ሳሎን ሲገባ ልጆቹ እስከ ዛሬ ይስቁበታል።

ገንዳው ውስጥ ሳሙና አይገባም። መጀመሪያ ከውጭ፣ ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ በደንብ ትታጠቢያለሽ። ከዚያ ንጹሕ ገላሽን ትዘፈዝፊያለሽ። ውሃው ለሁሉም አንድ ነው፤ በየሰው አይደፋም። ሙቀቱን ለልጆቹ ዝቅ አድርጊው፤ እነሱ 41 እና 42 ዲግሪ የሚወዱ ሰዎች ናቸው።

ቡና ጠጪው

ሁሉም ጥሩ። የቡናውን ነገር ግን ማንም አልመለሰም! አንድ ድንጋይና አንድ ዛፍ ያላት አትክልት አለች አላለችም? እዚያ ወጥተው ቢቆሉ ማን ያያቸዋል?

ተማሪው ከኦሳካ

ወንድሜ፣ ጎረቤት ሁሉ ያያቸዋል። ያቺ አትክልት ለቤቱ እንደ ጭስ ማውጫ ናት፤ ጭሱ በአንድ አፍታ ፎቅ ላይ ነው፣ ከዚያ የጎረቤት መስኮት።

ይኼን በቁም ነገር ልናገር። ኪዮቶ እሳት ያስመረራት ከተማ ናት። በ1864 የተነሳው ቃጠሎ የከተማዋን ሰፊ ክፍል በልቷል። ዛሬ የምናያቸው ማቺያዎች አብዛኞቹ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ናቸው። ቤቱ እንጨት፣ በሩ ወረቀት፣ ወለሉ ሳር፤ ጎረቤት ደግሞ በአንድ ግድግዳ ማዶ። ሰፈሩ ውስጥ ስትዞሩ በየደጁ ውሃ የተሞላ ቀይ ባልዲ ታያላችሁ፤ ጌጥ እንዳይመስላችሁ። ኩሽና ውስጥም ከአታጎ ተራራ መቅደስ የመጣች «እሳት ተጠንቀቁ» የምትል ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ልታገኙ ትችላላችሁ። እንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ ቡና ቆልታችሁ ጭስ ቢታይ፣ የሚመጣው አከራዩ ብቻ አይሆንም።

ስለዚህ ቡናው አሜሪካ ተቆልቶ ይሂድ። ለጉምሩክም ይሻላል። ጥሬ ቡና የዕፅዋት ኳራንታይን ጣጣ አለበት፤ የተቆላው የለበትም። ቋንጣ ደግሞ ለጾሙ ፍቺ ብለው እንዳይቋጥሩ፤ ሥጋ ነክ ነገር ማስገባት ክልክል ነው።

ጀበናዋን በተመለከተ፣ ምድጃው ጋዝ ነው ወይስ ኢንዳክሽን ብለሽ ጠይቂ። ኢንዳክሽን ከሆነ ሸክላ አያሞቅም፤ በብረት ድስት አፍልታችሁ ጀበናዋ ውስጥ መገልበጥ ነው። ጋዝ ከሆነ በትንሽ እሳት፣ ሰው ሳይለያት።

ቡና ጠጪው

ተቆልቶ የሄደ ቡና ቡና ነው? ይሁን፤ አገሩ የእነሱ ነው። ግን እጣኑም ቀረ፣ ጭሱም ቀረ። ምን ተረፈ?

ሦስት ልጆች ያሳደገች

ሦስቱ ስኒ ተረፈ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ክልክል ነው የሚል ደንብ የለም።

የናራዋ

የጾሙን እኔ ልመልስ፤ እኔም ጿሚ ነኝ። ጃፓን አትክልት የሚመስል ነገር ሁሉ ዓሣ አለበት ብለሽ ጀምሪ። ዳሺ የሚሉት መረቅ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣና ከባሕር ቅጠል ነው የሚሠራው። ሚሶ ሾርባ ውስጥ አለ፤ የኑድል መረቅ ውስጥ አለ፤ የተቀቀለ ጎመን እንኳ በእሱ ይቀቀላል። «ሥጋ የለውም» ብለሽ ብትጠይቂ «የለውም» ይሉሻል፤ አልዋሹሽም። «ካትሱኦ ዳሺ አለው?» ብለሽ ጠይቂ፤ ካትሱኦ ዓሣው ነው። «ኮምቡ ዳሺ» ካሉሽ የባሕር ቅጠል ብቻ ነው፤ ይበላል።

ኪዮቶ ግን ለጿሚ ከሌላው ከተማ ትሻላለች። የመነኮሳቱ ምግብ አለ፤ ሾጂን ርዮሪ ይሉታል። ከወረቀቱ በር ጋር እንዳታምታቺው፣ ስሙ ነው የሚመሳሰለው። ሥጋም ዓሣም እንቁላልም የለበትም። አራሺያማ የሚገኘው ተንርዩጂ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ይሸጣል። ናንዘንጂ አካባቢ ደግሞ በሙቅ ውሃ የሚቀርብ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) ዝነኛ ነው፤ መጥቀሻውን ግን ጠይቂ፣ እዚያም ዓሣ ሊኖር ይችላል። እማማ የሌላ እምነት ግቢ ውስጥ መብላት ካልከበዳቸው ነው እንግዲህ፤ እናቴ እምቢ ብላኛለች።

እውነቱን ለመናገር ቤት የመከራየታችሁ ትልቁ ጥቅም ኩሽናው ነው። ሩዝ ማብሰያ አይጠፋም። ሽሮ ይዛችሁ ሂዱ። ኒሺኪ የሚባለው የገበያ መንገድ ላይ ቶፉ፣ ዩባ (የአኩሪ አተር ወተት ሲሞቅ ከላይ የሚረጋው ስስ ሽፋን) እና የተቀመመ አትክልት ሞልቷል። ለመንገድ ደግሞ ከየሱቁ ኡሜ ያለበት የሩዝ ኳስ ግዙ፤ ጨው ጨው የሚል ኮምጣጣ ፍሬ ነው። እማማ መጀመሪያ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ቀጥሎ ሌላ ይጠይቃሉ።

ተማሪው ከኦሳካ

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ቪዛ። እማማ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ከያዙ ግሪን ካርዱ አያድናቸውም፤ የጃፓን ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። ይኼን ዛሬ ጀምሩ። ቤቱ ስትገቡም የሁላችሁም ፓስፖርት ቅጂ ይወሰዳል፤ ሕግ ነው፤ አትደንግጡ።

ግብር። ኪዮቶ የማደሪያ ግብር አላት፤ ከማርች 1 ቀን 2026 ጀምሮ ጨምሯል። 60 ሺው ለአምስት ሲካፈል በሰው 12 ሺህ የን ነው። በዚያ እርከን በሰው በሌሊት 400 የን ነው። ለአምስት ሰው አምስት ሌሊት 10 ሺህ የን። ከዋጋው ጋር ተደምሯል ወይስ እዚያ ይከፈላል ብላችሁ አከራዩን ጠይቁ።

ሻንጣ። ከካንሳይ አየር ማረፊያ ኪዮቶ ጣቢያ በሃሩካ ባቡር 80 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ በምድር ባቡር ኢማደጋዋ ድረስ 10 ደቂቃ፤ ቀሪው ታክሲ ነው። ተራ ታክሲ አራት ሰው ነው የሚጭነው፤ ሁለት ያዙ። ትልልቁን ሻንጣ አየር ማረፊያው ላይ ለዕቃ አድራሽ ብትሰጡት በማግስቱ ቤት ይመጣል። ግን ማቺያ እንግዳ ተቀባይ የለውም፤ ሰው ቤት የሚኖርበትን ሰዓት መርጣችሁ አስመዝግቡ። በከተማ አውቶቡስ በአምስት ሻንጣ አትሞክሩት፤ በቼሪ አበባ ሰሞን ቆሞ መሄጃም የለም።

ቆሻሻ። ሰፈሩ ቢጫ ከረጢት ሲያወጣ አይታችሁ እናንተም እንዳታወጡ። የእንግዳ ማረፊያ ቆሻሻ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ለይታችሁ ቤት ውስጥ ተዉት።

ብርድ። ማርች ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፤ የድሮ ቤት ደግሞ ንፋስ ያስገባል። ለእማማ ጋቢያቸው ይያዝ።

ደግሞ 25ኛው ቀን ላይ እዚያው ናችሁ! በየወሩ በ25 ኪታኖ ተንማንጉ መቅደስ ዙሪያ ትልቅ ገበያ ይቆማል፤ ከኒሺጂን በእግር ነው። አሮጌ ኪሞኖ፣ ሸክላ፣ የማይታወቅ ብረታ ብረት። በጠዋት ሂዱ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ተመልሰናል! እንደዚህ የመከረኝ ሰው የለምና ሪፖርት ላድርግ።

ቪዛው በሰዓቱ ወጣ። አከራዩ ሦስት ፉቶን ደራርቦ፣ መደገፊያ ወንበር አስቀምጦ ጠበቀን። እማማ ገና በሩ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ቆም አሉና አሸተቱ። «ቄጠማ ጎዝጉዘዋል እንዴ?» አሉ። ታታሚው ነው! እውነትም ቄጠማ ቄጠማ ይሸታል። ከዚያ በኋላ ስለ መሬቱ አንድም ቀን አላማረሩም።

ደረጃውን አልሞከሩትም። እኔ ግን ሦስተኛው ሌሊት ላይ በካልሲ ወረድኩና ሁለት ደረጃ በመቀመጫዬ ሄድኩ። ፊዚዮዬ፣ ይቅርታ።

ሾጂው ተበስቷል። እንደጠበቅነው ትንሹ ሳይሆን ባለቤቴ ነው፤ በክርኑ። ፎቶ ላክን፤ አከራዩ በማግስቱ መጣና ወረቀት በቼሪ አበባ ቅርጽ ቆርጦ ለጠፈበት። ገንዘብ አልጠየቀም። ልጄ አሁን የቤታችንን መጋረጃ በአበባ ሊሞላው ነው።

ምድጃው ኢንዳክሽን ነበር። በድስት አፍልተን ገለበጥን። እማማ የገላ መታጠቢያዋን በርጩማ በደንብ አጥበው፣ አትክልቷ ፊት ተቀምጠው ሦስቱንም ስኒ ቀዱ። ቡና ጠጪው ይስማ፦ በረካው ትንሽ ቀጠነ እንጂ ሌላ ነገር አልጎደለውም። ጠዋት ጠዋት ደጃቸውን የሚጠርጉ ጎረቤት አሮጊት ነበሩ። እማማ እጅ ሲነሱ እሳቸውም ይነሳሉ፤ እሳቸው ሲደግሙ እማማ ይሰልሳሉ። አንድ ቀን ታክሲው አምስት ደቂቃ ቆሞ ጠበቀን።

አዲስ ገቢ

ሰላም፤ ክሩን አንብቤ አስቀናችሁኝ። እኛ ነሐሴ ላይ ለመሄድ አስበናል፤ ያንኑ ዓይነት ቤት። ችግር አለው?

ተማሪው ከኦሳካ

ነሐሴ ላይ ኪዮቶ እንፋሎት ውስጥ ትገባለች፤ ዙሪያዋን ተራራ ነው፣ ሙቀቱ አይወጣም። ኤሲ አለው ሲሉህ አትመን፤ በየትኞቹ ክፍሎች ነው ብለህ ጠይቅ። ፎቅ ላይ ከሌለ ተወው።